ኤስኤም7ቢ ማይኬ ድምፄን ያሳንሰዋል፤ ሌላ ፕሪአምፕ ልግዛ?

ጥያቄ፦ «ቤቴ ውስጥ መዝሙር እቀዳለሁ። ማይኬ ሹር ኤስኤም7ቢ፣ ሳውንድ ካርዴ ደግሞ 3ኛው ትውልድ ፎከስራይት ስካርሌት 2አይ2 ነው። ድምፄ በጣም ዝቅ ብሎ ይቀዳል፤ ጌይኑን እስከ ጥግ ሳዞረው ‹ሽሽሽ› የሚል ድምፅ ይመጣል። ፕሪአምፕ ያስፈልግሃል ስለተባልኩ ቲዩብ ያለው ያገለገለ ፕሪአምፕ ገዛሁና በኤክስኤልአር ገመድ ከካርዱ ጋር አገናኘሁት። አሁን ድምፄን ከፍ ሳደርግ ይሰነጠቃል፤ ፕሪአምፑን ስቀንሰው ደግሞ ሽሽታው ተመልሶ ይመጣል። ላፕቶፑ ቻርጅ ላይ ሲሆን ‹ዝዝዝ› ይጨመርበታል። 48 ቮልቱ ማይክ ያቃጥላል ስላሉኝ ነክቼው አላውቅም። የተሻለ ፕሪአምፕ ልግዛ ወይስ ማይኩን ሸጬ ኮንደንሰር ልያዝ?»

ምላሽ፦ ለጊዜው ሁለቱንም አይግዙ። ፕሪአምፕ የማይክን ደካማ ሲግናል የሚያጎላ ዕቃ ነው፤ ጌይን የማጉላቱ መጠን ነው፤ ኮንደንሰር ደግሞ ካርዱ በሚልከው 48 ቮልት የሚሠራ የማይክ ዓይነት ነው። በጥያቄዎ ውስጥ ሦስት የተለያዩ ችግሮች ተደባልቀዋል፤ የድምፁ ማነስ፣ የድምፁ መሰነጣጠቅ እና የኤሌክትሪኩ ዝዝታ። እያንዳንዳቸው የራሳቸው መነሻ ስላላቸው፣ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን አንድ ዕቃ ተገዝቶ ሦስቱን በአንድ ጊዜ ሊፈታቸው አይችልም። መሰነጣጠቁን ያመጣው ደግሞ የዕቃ ጥራት ሳይሆን የገመዱ አገባብ ስለሆነ ከእርሱ ልጀምር።

የካርድዎ የፊት መግቢያዎች ኮምቦ የሚባሉት ዓይነት ናቸው። አንዱ መግቢያ ባለ ሦስት እግሩን ኤክስኤልአር ይቀበላል፤ መሐሉ ላይ ባለው ክብ ቀዳዳ ደግሞ 6.35 ሚሊ ሜትር የሆነውን ትልቁን ጃክ ይቀበላል። ከውጭ ሲታይ አንድ ስለሚመስል ብዙ ሰው የትኛውም ገመድ ቢሰካ ለውጥ የለውም ብሎ ያስባል። ውስጡ ግን ሁለት መንገድ ነው። በኤክስኤልአር የገባ ሲግናል ምንጊዜም ወደ ማይክ ፕሪአምፑ ይሄዳል፤ በጃክ የገባው ደግሞ ‹ኢንስት› የሚለው ቁልፍ እስካልበራ ድረስ ለላይን ሲግናል፣ ማለትም አስቀድሞ ለጎላ ሲግናል፣ በተዘጋጀው መንገድ ያልፋል። የማይኩ መንገድ ጌይኑ ሙሉ በሙሉ ተቀንሶ እንኳ የሚችለው 2.2 ቮልት ገደማ ሲሆን የላይኑ መንገድ ግን እስከ 9.7 ቮልት ገደማ ይሸከማል። ከፕሪአምፕ የሚወጣ የላይን ሲግናል በስቱዲዮ ዕቃዎች ደንብ 1.23 ቮልት አካባቢ እንዲሆን ነው የሚጠበቀው፤ ዘማሪ ድምፁን ሲለቀው ግን ለአፍታ ከዚያ በብዙ እጥፍ ይዘላል። እርስዎ አንድ ጊዜ የጎላውን ሲግናል ጥቃቅን ሲግናል እንዲጠብቅ ወደተሠራው ወደ ሁለተኛው ፕሪአምፕ ስላስገቡት ከመሰንጠቅ ሌላ ዕድል አልነበረውም። ፕሪአምፑን ዝቅ ሲያደርጉት ደግሞ የካርዱ ጌይን እንደጎላ ስለሚቀር፣ የፕሪአምፑን የራሱን ሽሽታ ሰብስቦ ያጎላዋል። ዝቅም አሉ ከፍ፣ አገናኘቱ እስካልተለወጠ ድረስ የሚያገኙት ከሁለቱ ጥፋቶች አንዱን ነው።

የውጭ ፕሪአምፕ በዚህ ካርድ ላይ በትክክል የሚገናኘው እንዲህ ነው። ማይኩ በኤክስኤልአር ወደ ፕሪአምፑ ይገባል፤ ከፕሪአምፑ የጃክ መውጫ ደግሞ በባላንስድ ጃክ፣ ማለትም ጫፉ ላይ ሁለት ጥቁር ቀለበት ባለው ገመድ፣ ወደ ኮምቦው መሐል ይሰካል። የ‹ኢንስት› መብራት ይጠፋል፣ 48 ቮልቱ ይጠፋል፣ የካርዱ ጌይን ወደ ዝቅተኛው ጥግ ይመለሳል፤ ድምፁን የማጉላት ሥራ በሙሉ ለውጩ ፕሪአምፕ ይተዋል። የፕሪአምፑ ጃክ ባላንስድ ካልሆነ በተራው ባለ አንድ ቀለበት ጃክ ማገናኘት ይቻላል፤ ገመዱ ግን ቢበዛ ከሁለት ሜትር አይበልጥ። በዚህ ካርድ የላይን ሲግናሉም ቢሆን ቀንሶ በካርዱ የጌይን ቁልፍ በኩል እንደሚያልፍ ይወቁ። ስለዚህ የውጩ ፕሪአምፕ ካርዱን ሙሉ በሙሉ ይተካዋል የሚለው አባባል ለዚህ ሞዴል አይሠራም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ድምፁ ለምን እንደሚያንስ። ኤስኤም7ቢ ዳይናሚክ፣ ማለትም ያለ ውጭ ኃይል በመግነጢስና በሽቦ የሚሠራ፣ ማይክ ነው፤ አነስተኛ ሲግናል ከሚሰጡት መካከልም ይመደባል። የድምፁ ግፊት ማይኩ ላይ 94 ዴሲቤል ሲደርስ የሚያመነጨው 1.12 ሚሊ ቮልት ብቻ ነው። የዚያው ኩባንያ ኤስኤም58 በተመሳሳይ ሁኔታ 1.85 ሚሊ ቮልት፣ ኮንደንሰሩ ኦዲዮ ቴክኒካ ኤቲ2020 ደግሞ 14 ሚሊ ቮልት ገደማ ይሰጣል። በዚህ ምክንያት አምራቹ ለኤስኤም7ቢ ቢያንስ 60 ዴሲቤል ጌይን እንዲኖር ይመክራል። የእርስዎ ካርድ ከፍተኛው ጌይን 56 ዴሲቤል ነው። «ይህ ማይክ ያለ ተጨማሪ ፕሪአምፕ አይሠራም» የሚለው ወሬ የተወለደው በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል ካለው ክፍተት ነው። ክፍተቱ ግን 4 ዴሲቤል ብቻ መሆኑን ልብ ይበሉ።

4 ዴሲቤል ለማካካስ ፕሪአምፕ መግዛት አያስፈልግም፤ መቅረብ ይበቃል። ከአፍዎ እስከ ማይኩ ያለው ርቀት በግማሽ ባጠረ ቁጥር ማይኩ ላይ የሚደርሰው ድምፅ በ6 ዴሲቤል ገደማ ይጨምራል። ማይኩን በ30 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ አቁመው የሚዘምሩ ከሆነና ወደ 15 ከቀረቡ ጉድለቱ ተሸፍኖ 2 ዴሲቤል ተረፈ ማለት ነው፤ ወደ 8 ሴንቲ ሜትር ግድም ሲቀርቡ ደግሞ ሌላ 6 ዴሲቤል ገደማ ይጨመራል። የዚህ ዓይነቱ ጭማሪ የትኛውም ፕሪአምፕ ሊሰጠው የማይችለው ጥቅም አለው። ፕሪአምፕ ሲያጎላ የእርስዎን ድምፅ፣ የፍሪጁን ጩኸት፣ የጎረቤቱን ቴሌቪዥንና የራሱን ሽሽታ አንድ ላይ ያጎላል፤ ሲቀርቡ ግን የሚጎላው የእርስዎ ድምፅ ብቻ ነው። ኤስኤም7ቢ ለሬዲዮ ሥራ በጣም የሚወደድበት አንዱ ምክንያት ጥቁሩ ስፖንጅ ከንፈር ሊነካ እስኪቃረብ ድረስ ቀርቦ መናገር ስለሚቻልበት ነው። በቅርበት ምክንያት ወፍራሙ ድምፅ ከበዛ ከማይኩ ጀርባ በትንሽ ብሎን መፍቻ የሚገፋ ማብሪያ አለ፤ የታችኛውን ድምፅ ይቀንሳል። ‹ፐ› እና ‹ጰ› ሲነፉበት ደግሞ ማይኩን ከአፍዎ ፊት ለፊት ሳይሆን ትንሽ ወደ ጎን አድርገው አቅጣጫውን ብቻ ወደ አፍዎ ያዙሩት።

ከዚህ ጋር የተያያዘ አንድ የተሳሳተ ግንዛቤ በጥያቄዎ ውስጥ ይታየኛል። «በጣም ዝቅ ብሎ ይቀዳል» ሲሉ ምናልባት ኮምፒውተሩ ላይ የሚያዩትን ቀጭን የድምፅ ሞገድ ከተለቀቁ መዝሙሮች ወፍራም ሞገድ ጋር እያነጻጸሩ ይሆናል። የተለቀቀው ሥራ የድምፁን ከፍታና ዝቅታ በሚያቀራርቡት በኮምፕረሰርና በሊሚተር አልፎ፣ ማስተሪንግ የሚባለው የመጨረሻ ማስተካከያ ተደርጎለት የወፈረ ነው፤ ጥሬው ቮካል እንዲያ መምሰል የለበትም። ፕሮግራሙ ላይ ቅጂውን 24 ቢት ያድርጉት። ከፍ ብለው የሚዘምሩበት ቦታ ከዜሮ በታች 12 ዴሲቤል አካባቢ፣ መደበኛው ድምፅዎ ደግሞ 18 አካባቢ ከዋለ ጌይኑ ልክ ነው። በ24 ቢት የተቀዳ ድምፅ 10 ዴሲቤል አንሶ ቢገኝ በኋላ በፕሮግራሙ 10 ዴሲቤል መጨመር በጥራቱ ላይ የሚያመጣው ጉዳት የለም፤ የሽሽታው መጠን የተወሰነው ድምፁ ወደ ዲጂታል ከመለወጡ በፊት በማይኩ፣ በክፍሉና በፕሪአምፑ ነውና። በአንጻሩ ዜሮን አልፎ የተሰነጠቀ ድምፅ በኋላ በምንም ዘዴ ሙሉ በሙሉ አይጠገንም። እንግዲህ ጥቂት ማነስ ከጥቂት መብዛት ይሻላል።

ሽሽታው ራሱስ? እዚህ ላይ «የተሻለ ፕሪአምፕ» የሚባለው ነገር ምን ያህል ሊረዳ እንደሚችል በቁጥር ማየት ይገባል። ማንኛውም 150 ኦም የሆነ ማይክ፣ ምንም ድምፅ ባይገባበትም፣ በሽቦው ሙቀት ብቻ የሚያመነጨው የማይቀር ኖይዝ፣ ማለትም ሽሽታ፣ አለ፤ ከዚያ በታች ሊወርድ የሚችል ፕሪአምፕ በዓለም ላይ የለም። የስካርሌት 3ኛ ትውልድ የማይክ መግቢያ ኖይዝ ከዚያ ወሰን በላይ ያለው በጥቂት ዴሲቤል ብቻ ነው። ከዚህ ካርድ ዋጋ ብዙ እጥፍ ከፍለው የሚያመጡት ዝነኛ ፕሪአምፕም በሽሽታ ረገድ የሚያተርፍልዎ እነዚያኑ ጥቂት ዴሲቤሎች ነው። ለድምፁ ቀለም ከሆነ ሌላ ነገር ነው፤ ትራንስፎርመሩና ቲዩቡ የሚሰጡትን ለዛ የሚወዱ ሰዎች አሉ፣ መብታቸውም ነው። እርስዎ ግን የጠየቁኝ ስለ ሽሽታ ነው። በርካሽ ፕሪአምፕ ላይ የተሰካ ቲዩብ ደግሞ ሽሽታ ይጨምር እንደሆነ እንጂ አይቀንስም።

ምንጩን ለመለየት ይህን ይሞክሩ። የውጩን ፕሪአምፕ አውጥተው ማይኩን በቀጥታ ወደ ካርዱ ይሰኩ፤ ጌይኑን በሚዘምሩበት ልክ ትተው፣ ማይኩን እንደተሰካ በወፍራም ጋቢ ጠቅልለው ቁም ሳጥን ውስጥ ይዝጉበትና አንድ ደቂቃ ይቅዱ። ከዚያ አውጥተው በተለመደው ቦታ፣ ማንም ሳይናገር፣ ሌላ ደቂቃ ይቅዱና ሁለቱን ያወዳድሩ። በቁም ሳጥኑ ቅጂ ላይ ሽሽታው በግልጽ ካነሰ ሲያማርሩት የነበረው ሽሽታ የክፍልዎ ድምፅ ነው፤ የኮምፒውተሩ ማራገቢያ፣ መንገዱ፣ ክረምት ከሆነም ቆርቆሮው። ለዚህ መፍትሔው በር መዝጋት፣ ኮምፒውተሩን ማራቅና ከማይኩ ጀርባና ጎን ወፍራም ብርድ ልብስ መስቀል ነው። ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው የእንቁላል ትሪ ከውጭ የሚመጣውን ድምፅ አይከለክልም፤ ለምን እስከ ዛሬ እንደሚለጠፍ አይገባኝም።

ስለ 48 ቮልቱ የነገሩዎት ትክክል አይደለም። ፋንተም የሚባለው ኃይል በኤክስኤልአሩ 2ኛና 3ኛ እግር ላይ እኩል ሆኖ፣ እያንዳንዱ በ6.8 ኪሎ ኦም ሬዚስተር በኩል የሚላክ ነው። በትክክል በተሠራ ገመድ ላይ ሁለቱ እግሮች እኩል ቮልቴጅ ስለሚኖራቸው በዳይናሚክ ማይክ ሽቦ ውስጥ የሚያልፍ ኤሌክትሪክ አይኖርም፤ ማይኩ ፋንተሙ መኖሩንም አያውቀውም። በነገራችን ላይ 48 የሚለው ቁጥር የመጣው ኖይማን በ1966 ለኖርዌይ ብሔራዊ ሬዲዮ ማይክራፎን ሲያቀርብ፣ ስቱዲዮዎቹ ለአደጋ ጊዜ መብራት 48 ቮልት ተዘርግቶላቸው ስለነበር ነው። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው በሌሎች ቦታዎች ነው። አንደኛ፣ የሪበን ማይክ (በውስጡ ስስ የብረት ጥብጣብ ያለው) ካለዎት ወይም ገመዱ በእጅ የተበየደና እግሮቹ የተነካኩ ከሆነ ፋንተም ጉዳት ሊያደርስ ይችላል። ሁለተኛ፣ የፕሪአምፕ መውጫ በኤክስኤልአር ወደ ካርዱ ተሰክቶ እያለ 48 ቮልቱ ከበራ ኃይሉ ተመልሶ ወደ ፕሪአምፑ መውጫ ይገባል፤ አንዳንዱ ይቋቋመዋል፣ አንዳንዱ ይበላሻል። በካርድዎ ላይ ያለው የ48 ቮልት ቁልፍ አንድ ብቻ ሆኖ ለሁለቱም መግቢያዎች በአንድ ጊዜ ኃይል እንደሚልክ አይርሱ። ማይክ ሲሰኩም ሆነ ሲነቅሉ ፋንተሙን አጥፍተው፣ ጌይኑን ቀንሰው፣ ስፒከሩን ዘግተው ይሁን።

ፋንተምን የሚፈልግ፣ ለእርስዎ ሊጠቅም የሚችል አንድ ዕቃ አለ፤ ክላውድሊፍተር ወይም ፌትሄድ በሚል ስም የሚታወቀው፣ በማይኩና በካርዱ መካከል የሚገባ ትንሽ ማጉያ ነው። የመጀመሪያው እስከ 25፣ ሁለተኛው እስከ 27 ዴሲቤል ይጨምራል፤ የሚሠራው በካርዱ 48 ቮልት ሲሆን ያንን ኃይል ወደ ማይኩ አያሳልፍም። ስለዚህ ለኮንደንሰር አይሆንም። ቀስ ብሎ፣ በሹክሹክታ ለሚዘምር ወይም በማይኩ ላይ ተረት ለሚተርክ ሰው ጌይኑን ያቃልልለታል። ሆኖም ከ«ሙሉ በሙሉ ጸጥታ» ጋር አያይዘው የሚሸጡትን አይመኑ፤ የሚያመጣው የሽሽታ ቅነሳ ካርዱ ራሱ ኖይዙ የበዛ ሲሆን ነው በጉልህ የሚሰማው። የእርስዎ ካርድ ደግሞ ከእነዚያ አይደለም።

ወደ ኮንደንሰር መቀየርን በተመለከተ፣ የጌይኑን ጥያቄ በእርግጥ ይዘጋዋል፤ ኤቲ2020 ከኤስኤም7ቢ በ22 ዴሲቤል ያህል የጎላ ሲግናል ይሰጣል። «ኮንደንሰር የሩቁን ሁሉ ይሰማል፣ ዳይናሚክ ግን አይሰማም» የሚለው ግን በግማሽ ብቻ እውነት ነው። ሁለቱም የፊት ለፊቱን አጉልተው የኋላውን የሚቀንሱ ካርዲዮይድ ማይኮች ናቸው። በእኩል ርቀት አስቀምጠው የድምፅዎን መጠን በጌይን ቢያስተካክሉት የሚያስገቡት የክፍል ድምፅ ተቀራራቢ ነው። ልዩነቱ የሚመጣው ኮንደንሰሩ ቀጭኑን ድምፅ የበለጠ ስለሚያወጣውና ሰዎችም ራቅ ብለው ስለሚዘምሩበት ነው። ክፍልዎ ባዶ ግድግዳና ሴራሚክ ወለል ከሆነ ማስተጋባቱ አፍጥጦ ይወጣል። ካልታከመ ክፍል ጋር ኤስኤም7ቢ የተሻለ ጎረቤት ነው፤ ይያዙት።

የቀረው ዝዝታው ነው። ላፕቶፑ ቻርጀር ላይ ሲሆን የሚመጣ፣ ሲነቀል የሚጠፋ ከሆነ ማይኩም ፕሪአምፑም ንጹሐን ናቸው። የእኛ አገር ኤሌክትሪክ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ስለሆነ ዝዝታው በ50 እና በ100 ኸርዝ ላይ ጎልቶ ይሰማል። መነሻው አብዛኛውን ጊዜ ኧርዝ የሚባለው የመሬት መስመር አለመኖሩ ነው፤ ሶኬቱ የመሬት ንክኪ ያለው ይመስላል፣ ከጀርባው ግን ሽቦው አልተዘረጋም፤ ወይም ማከፋፈያውና አስማሚው የመሬቱን እግር አቋርጠውታል። ምልክቱ ቀላል ነው፤ የላፕቶፑን ወይም የካርዱን ብረት በእጅዎ ሲነኩ ስስ የመንዘር ስሜት ካለና ሲነኩት ዝዝታው ከተለወጠ፣ የመሬት መስመሩ ላይ ችግር አለ። የውጩ ፕሪአምፕ በራሱ አዳፕተር ከሌላ ሶኬት መሰካቱም በሁለቱ ዕቃዎች መካከል የኤሌክትሪክ ዙር ፈጥሮ ነገሩን ሊያባብሰው ይችላል። መብራት በሄደ ሰዓት በባትሪ የተቀዳ ቮካል አንዳንድ ጊዜ ከሌላው ቀን ሁሉ ጠርቶ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው፤ ፍሪጁም አብሮ ጸጥ ይላል።

በቅጂ ሰዓት ቻርጀሩን መንቀል ዛሬውኑ የሚሠራ መፍትሔ ነው። ዘላቂው ግን ፈቃድ ያለው የኤሌክትሪክ ባለሙያ የቤቱን የመሬት መስመር እንዲፈትሽ ማድረግና ዕቃዎቹን ሁሉ ከአንድ ማከፋፈያ መሰካት ነው። ዝዝታው ይጠፋል ብሎ የመሬቱን እግር መቁረጥ ወይም በፕላስተር መሸፈን የሚመክር ሰው ካጋጠመዎ አይስሙት። ማይክ ከንፈርዎ ላይ ነው ያለው፣ ካርዱም በእጅዎ ይነካል፤ ዕቃው ውስጥ ኤሌክትሪክ ቢያመልጥ የሚያልፈው በእርስዎ በኩል ነው።

ገመዱንም አንድ ጊዜ በመልቲሜትር ያስፈትሹ። 1ኛው እግር ከ1ኛው፣ 2ኛው ከ2ኛው፣ 3ኛው ከ3ኛው ጋር ብቻ መገናኘት አለበት። ከአንድ ወገን ኤክስኤልአር፣ ከሌላው ወገን ተራ ጃክ የሆነው ገመድ ለማይክዎ አይሆንም፤ ማይኩን ከፕሪአምፑ አስወጥቶ ወደ ላይን መንገድ ስለሚከተው ድምፁ ጭራሽ ይደክማል።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው። የውጩን ፕሪአምፕ ያውጡ። ኤስኤም7ቢውን በአንድ ጤነኛ የኤክስኤልአር ገመድ በቀጥታ ወደ ስካርሌቱ ይሰኩ፤ ፋንተሙ ጠፍቶ ይሁን፤ ከማይኩ በ8 እና በ10 ሴንቲ ሜትር መካከል ቆመው፣ ላፕቶፑን በባትሪ አድርገው፣ በ24 ቢት ይቅዱ። ጌይኑን ከፍ ብለው በሚዘምሩበት ክፍል ላይ ያስተካክሉ፤ ከሦስት አራተኛ በላይ ቢዞር አይደንግጡ፣ ለዚህ ማይክ የተለመደ ነው። ይህን ሁሉ አድርገው መደበኛው ድምፅዎ አሁንም ከዜሮ በታች ከ30 ዴሲቤል በላይ ወርዶ ከተገኘ ብቻ ነው ስለ ትንሿ ማጉያ ማሰብ ያለብዎ። ያገለገለውን ፕሪአምፕ ሽጠው ገንዘቡን ለገመዱና ለኤሌክትሪክ ባለሙያው ያውሉት።